ካርዱ አላሰረንም

በ1997 ዓ.ም. የ19 ዓመት ወጣት ነበርኩ። ግንቦት 7 ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። ዘመኑ ተለውጦ በጥቅምት ወር ደግሞ ሌሊት ከቤቴ ተወሰድኩ፤ ፀጉሬን ተላጭቼ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የቆላ ካምፕ ውስጥ ታጎርኩ። ይህን ምስክርነት የምጽፈው ያኔ ያልተወለዱ ወይም ገና የሚድሁ የነበሩ ልጆች ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ስለደረሰ ነው። እነዚህ ልጆች የዚያን ዓመት ፍርሃት ከወላጆቻቸው ወርሰዋል። ፍርሃቱ ከምን እንደመጣ ግን ሙሉውን የነገራቸው ጥቂት ሰው ነው።

ያደግኩት አብነት አካባቢ፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ታላቅ ወንድሟን በቀይ ሽብር ዘመን አጥታለች፤ የተቀበረበትን እንኳ ሳታውቅ ለቅሶ ተቀምጣ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው አባባል ከአፏ አይጠፋም። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ድምፁን ትቀንሳለች። ቡና ላይ የመንግሥት ወሬ ከተነሣ ጀበናዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኛ ልጆቿም ፖለቲካ ሰው የሚበላ ነገር መሆኑን እንጂ ሌላ ትርጉም እንዳለው ሳናውቅ አደግን።

የሰፈራችን ልጆች አብዛኞቻችን 10ኛ ክፍል ላይ ውጤት ያልመጣልን፣ የቀን ሥራ ስናገኝ የምንሠራ፣ ስናጣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የምንውል ነበርን። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ከወጣ ወዲህ ያ ድንጋይም አላስቀምጥ አለን። ሥራ ፈት ሆኖ መንገድ ዳር የተገኘ ወጣት ተጠርጣሪ ነበር። ስለ እኛ የሚናገር ብዙ ሰው ነበር። ምን እንደምንፈልግ ቀርቦ የሚጠይቀን ግን አልነበረም። የጠየቀን የመጀመሪያው ነገር ምርጫ 97 ነው።

ነገሩ የጀመረው በቴሌቪዥን ነው። የገዢው ፓርቲ ሰዎችና ተቃዋሚዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ አጥነት ሲከራከሩ አየን። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሞልቶ፣ ቀሪው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይመለከት ነበር። ባለሥልጣን ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ መልስ ሲያጥረውም ጭምር ማየት ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ወሬው ሁሉ ክርክሩ ሆነ። ከዚያ በፊት ስለ እንግሊዝ ኳስ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ሲሟገቱ ያልሰማኋቸው ልጆች ስለ መሬት ይዞታ መከራከር ጀመሩ። ገንዘብ ያለው ጋዜጣ ይገዛል፣ የሌለው ከአዟሪው ተከራይቶ እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ አምስትና ስድስት ሆነን እናዳምጥ ነበር።

ሚያዝያ 29 ቀን ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚዎች በተራቸው ጠሩ። ከአብነት በእግራችን ወጥተን ስንሄድ ከየመንገዱ የሚወርደው ሰው እየተቀላቀለን ሜክሲኮ ስንደርስ አስፋልቱ አይታይም። ሁለት ጣት ወደ ላይ ተቀስሮ ነበር፤ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የቅንጅት የምርጫ ምልክት ነው። የኢሕአዴግ ደግሞ ንብ ነበር። ያን ቀን አንድ ሱቅ አልተሰበረም፣ አንድ ድንጋይ አልተወረወረም። ይህን የምናገረው በኋላ «ዘራፊዎች» ስለተባልን ነው። ያን ያህል ሕዝብ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሬን እያመመኝ አይቻለሁ።

የምርጫው ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስነሣ እናቴ ቀድማኝ ነቅታ ነጠላዋን ለብሳ አገኘኋት። ካርድ ማውጣቷን አልነገረችኝም ነበር። «አንተ ብቻህን አትሄድም» አለችና ወጣን። ጣቢያው የቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰልፉ ከአዳራሹ ደጅ ተነሥቶ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል። ከዘራ የያዙ አባቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የሌሊት ሥራ አድረው ያልተኙ ጥበቃዎች ነበሩበት። ፀሐዩ ሲበረታ ሰው ለሰው ጥላ አዋሰ፤ ወንበር ያለው ቤት ወንበር አወጣ። ተራችን ሲደርስ ስማችን መዝገብ ላይ ተፈለገ፤ አውራ ጣታችን ላይ የማይለቅ ቀለም ተቀባን፤ ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። ከመጋረጃው ኋላ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምልክቱን አደረግኩ፣ አጠፍኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩ። እናቴ ከኋላዬ ወጣች። ለማን እንደመረጠች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ቤት ስንደርስ ግን ሬዲዮውን ራሷ ከፈተች፤ ድምፁንም አልቀነሰችም።

ማታ ወደ ጣቢያው ተመለስን። የፓርቲ ታዛቢዎች ባሉበት ቆጠራው ሌሊቱን ሙሉ ቀጠለ። ሊነጋጋ ሲል አንድ አስፈጻሚ ወጥቶ የውጤቱን ቅጽ በሩ ላይ ለጠፈው። የእያንዳንዱ ዕጩ ስም ከነቁጥሩ ሰፍሯል፣ ከሥሩ ፊርማ አለ። በእጅ ባትሪ እያበራን አነበብነው። አንዱ ጓደኛችን የደብተር ቅጠል ቀዶ ቁጥሩን ገለበጠ፤ ሌላው ወደ ጎረቤት ጣቢያ ሮጦ የዚያን ይዞ መጣ። በየሰፈሩ እንዲሁ ነበር። ያ ወረቀት በዓይኔ ያየሁት የሥልጣን ምንጭ ነው። ሱቅ ደጃፍ የሚውል የሥራ አጥ ምልክት እዚያ ቁጥር ውስጥ ነበረ፤ የኔን ድምፅ ከሚኒስትሩ ድምፅ የሚለየው ነገር አልነበረም።

በአዲስ አበባ ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን፣ ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት ካላት 23 መቀመጫ ደግሞ ሁሉንም አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የሁለቱ ወገን ቁጥር አልገጠመም። ተቃዋሚዎች ድምፅ ተሰርቋል አሉ፤ ገዢው ፓርቲ አሸንፌያለሁ አለ። ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን በቴሌቪዥን ተናግረው ነበር። ሰኔ 1 ቀን ከተማው ውስጥ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ቀጥሎ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ ተመልሶ እስኪከፈት ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ክረምቱን ሁሉ በጭንቀት አሳለፍነው።

በጥቅምት ወር 1998 ዓ.ም. ቅንጅት ሰላማዊ እምቢታ ጠራ። ከጥሪዎቹ አንዱ ባለመኪኖች ጥሩምባ እንዲያሰሙ ነበር። ታክሲዎቹ ሲያስጮሁ ሰማን። ጥቅምት 22 ቀን ከመርካቶ በኩል ተኩስ ተነሣ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ድንጋይ ተወረወረ። የፓርቲው መሪዎች ታሰሩ። ከቤት አትውጡ ስለተባልን እኔ ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ ከበራችን አልወጣሁም። እናቴ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ነበር የዋለችው።

የመጡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በሩን አላንኳኩም፤ ገፉት። የእጅ ባትሪ ፊቴ ላይ አብርተው ስሜን ከወረቀት አነበቡ። የደንብ ልብስ ከለበሱት ጋር ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው ነበር፤ በጣቱ ብቻ ያሳያል። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ልጄ ምንም አላደረገም፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩበት» ትላለች። ጫማ እንዳደርግ አልተፈቀደልኝም። ስወጣ ከየቤቱ የሰፈራችን ልጆች እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ እየወጡ ነው። ከእኛ መካከል ያን ሳምንት መንገድ የወጣም፣ ያልወጣም ነበር። ሁላችንን አንድ የሚያደርገን ዕድሜያችን ነው። ወጣት ሆኖ መገኘት ያን ሌሊት በቂ ነበር።

በሸራ በተሸፈነ የጭነት መኪና ተጭነን ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። መቀመጥ አይቻልም፤ የተኛ ካለ ይረገጣል። አንድ ልጅ ውሃ ሲለምን የሰደፍ ምት ነው የተሰጠው። ከደጋው ወርደን አየሩ ሲሞቅ ጊዜ ርቀን መሄዳችንን አወቅን። መኪናው ቆሞ ሸራው ሲገለጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ረጃጅም መጋዘኖችና በዙሪያቸው ሣር የበላው ሜዳ አየን። አሰልፈው ፀጉራችንን ላጩን። አንድ መላጫ ለመቶ ሰው ነበር፤ ጭንቅላታችን ደምቶ ዝንብ ይወርረን ጀመር። የሲሚንቶ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተደርድረን እንተኛለን፤ አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ ሁሉ መገላበጥ ነበረበት። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ማታ ዳቦና ውሃ። ውሃው ከበርሜል ነው፤ በርሜሉ የናፍጣ ጣዕም ነበረው።

ምርመራ የሚካሄደው ከመጋዘኑ ጀርባ ዛፍ ሥር ነው። ጠረጴዛ አለ፣ ከኋላው አንድ ሰው፣ አጠገቡ ዱላ የያዙ ሁለት። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የትምህርት ደረጃ ይጻፋል። ከዚያ «ማን ላከህ? ስንት ብር ተከፈለህ? ድንጋይ ወርውረሃል?» ይባላል። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ከሁሉ የባሰ ነበር፤ «ማንን መረጥክ?»

የምርጫ አስተማሪዎች ድምፅ ምስጢር ነው ብለውን ነበር። እኔም ያንኑ መለስኩ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ውስጥ እግሬ። ስንት ጊዜ እንደተመታሁ አላውቅም፤ መቁጠር የሚችል ሰው አልነበርኩም። ጥያቄው ግን አልተቀየረም፤ እንደገና «ማንን መረጥክ?» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ከድንጋዩ ይልቅ ያስጨነቀው ድምፄ ነው። ድንጋይ ወርዋሪ በዱላ ይበተናል። ሳጥን ውስጥ የገባ ወረቀት ግን ተቆጥሯል፣ በር ላይ ተለጥፏል፣ በደብተር ተገልብጧል። በዱላ የሚመለስ አይደለም።

ከጎኔ የሚተኛው ልጅ 15 ዓመት አይሆነውም ነበር። ሊስትሮ ነው። የተያዘው ሥራ ቦታው ላይ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። ስለ ፓርቲ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ምሽት «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ያ የምርጫ ካርድ የሚሉት ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ወረቀት እንደሆነ፣ ስምና ቁጥር እንዳለው፣ 18 ዓመት ለሞላው እንደሚሰጥ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለወረቀት ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ወባ ያዘው። ሲንቀጠቀጥ ሸሚዛችንን አውልቀን አለበስነው። ክኒን የመጣለት ከብዙ ልመና በኋላ ነው። ተረፈ፤ ግን ከካምፑ ሲወጣ በሁለት ሰው ተደግፎ ነበር።

መጋዘናችን ውስጥ አንድ ጎልማሳም ነበሩ፤ ልጃቸውን አትወስዱም ብለው ሲሟገቱ ከነልጃቸው የተያዙ። በደርግ ጊዜም ታስረው ያውቃሉ። ማታ ማታ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ «ልጆች» ይሉን ነበር፤ «ያኔ እኛን ሲይዙን ምን እንደመረጥን የሚያሳይ አንድ ቁጥር አልነበረንም፤ ሁላችንም በየፊናችን ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው እንል ነበር። እናንተ ግን ቁጥር አላችሁ። ቁጥር ያለው ሰው ተሸንፎ እንኳ አልተሸነፈም።» ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አልሰማናቸውም። ረሃብና ሕመም ነበረብን፤ ስለ ቤት ብቻ እናስብ ነበር። ንግግራቸው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሰብስበው ገለጻ ሰጡን። ተሳስታችኋል፣ መንግሥት ምሮአችኋል፣ ከእንግዲህ ብትገኙ ግን ምሕረት የለም ተባልን። ያላነበብነው ወረቀት ላይ ፈረምን፤ ያልቻለ በጣቱ ፈረመ። በመኪና ተጭነን መጥተን ከተማው ዳር በሌሊት ተራገፍን። ባዶ እግራችንን፣ የተላጨ ጭንቅላታችንን ይዘን ስንሄድ ያገኘን አንድ የታክሲ ሾፌር አስቁሞ ሳይከፈለው ሁላችንንም እየሰፈራችን አደረሰን። አንድም ቃል አልጠየቀንም።

እናቴ ስታየኝ አላለቀሰችም። ውሃ አሞቀች፣ እግሬን አጠበች፣ ቁስሉን በጨው ጠረገች። እኔ በሌለሁበት ስንቅ በምሳ ዕቃ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት ከርማለች፤ «እዚህ የለም» ከሚል ሌላ መልስ አላገኘችም። በኋላ ካርዴን ብፈልግ አጣሁት። በተያዝኩ ማግሥት የኔንም የራሷንም ካርድ፣ ከጋዜጦቹ ጋር፣ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጥላዋለች። አልፈረድኩባትም። ወንድሟን ያጣች ሴት ልጇንም ልታጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው እንደገና ድምፁ ተቀነሰ።

እኔ ከተረፉት ነኝ። የሰኔውንና የጥቅምቱን ግድያ እንዲያጣራ በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን መዝግቧል። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ የደረሱበትን ይዘው ከአገር ለመሰደድ ተገደዋል። የታሰረው ወጣት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። አዲስ አበባም በመረጠችው ምክር ቤት ሳትተዳደር ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በዚያ የቆላ ካምፕ ለደረሰብን ነገር እስከ ዛሬ አንድም ሰው ተጠይቆ አላየሁም።

ከዱላው የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ሰፈራችን ውስጥ ክርክር አልነበረም። አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት ጎረቤት ለጎረቤት ኃላፊ ሆኗል፤ ሰው የሚናገረውን መርጦ ይናገራል። ሥራ የሚፈልግ ልጅ በቅድሚያ የሚጠየቀው አባልነቱን ነበር። ውጤቱ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም። ሱቁ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ አዲስ ትውልድ ተቀምጧል፤ ወሬው ግን እንደገና የእንግሊዝ ኳስና ወደ ዓረብ አገር ወይም በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ የሚወስድ መንገድ ሆነ። በምርጫው ማግስት ንጋት ቁጥሩን በደብተር ቅጠል የገለበጠው ጓደኛችን በዚያው መንገድ ሄደ፤ የት እንደደረሰ ዛሬም አናውቅም።

ወጣቱ ፖለቲካን ረሳው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። በ2007 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አንድ የተቃዋሚ ወንበር ሳይኖረው ተዘጋ፤ ዓመት ሳይሞላ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ቄሮ፣ ፋኖ፣ ዘርማ እየተባለ በየአካባቢው ተነሣ፤ ሞተ፣ ታሰረ፣ በመጨረሻም በ2010 ዓ.ም. አገሪቱ መሪ ቀየረች። ድምፁ በሳጥን ሲዘጋበት በመንገድ ወጣ። የመንገዱ ዋጋ ግን ከባድ ነው፤ የከፈለውም ወጣቱ ነው፤ ዛሬም በየአካባቢው እየከፈለ ነው። በድምፅ ሊያልቅ የሚችልን ነገር በነፍስ መክፈል የትኛውም ትውልድ አይገባውም።

ከ97ቱ ታሳሪዎች አንዷ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የታሰረች የተቃዋሚ መሪ የምርጫውን ሳጥን የምትጠብቅ ሆነች ማለት ነው። ይህን ዜና ስሰማ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። «እማዬ፣ ሰምተሻል?» አልኳት። «ሰምቻለሁ» አለች፤ «ለእሷም እጸልያለሁ» አለች። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እኔ ድምፅ ለመስጠት ተሰለፍኩ። ከ97 ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ያ ምርጫ ጎደሎ ነበረው፤ ትግራይ በጦርነት ላይ ስለነበረች ድምፅ አልሰጠችም፣ ሌሎችም አካባቢዎች ቀርተዋል። ይህን አልሸፍንም። ነገር ግን ሰልፉ ላይ ቆሜ ግራ ቀኜን ስመለከት ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከፊቴም ከኋላዬም የቆሙት በብዛት የኔ እኩዮችና ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። የ18ና የ19 ዓመት ልጆች በአጠገባችን እያለፉ ያዩናል፤ አይቆሙም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ብልህ ነው፣ በስልኩ የዓለምን ፖለቲካ ይከታተላል። ካርድ ለምን እንዳላወጣ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ያንተን አየነው እኮ። መረጥክ፣ ታሰርክ፣ ተደበደብክ። ምን ለውጠህ መጣህ?» አለኝ። አልተቆጣሁትም። በየቤቱ የሚሰማው ይኸው ነው። ወላጆች ከእኛ መከራ የቀመሩት ትምህርት አንድ ነው፤ ካርድ የያዘ ይታሰራል። ልጆቹ ደግሞ አንድ ጨመሩበት፤ ካርድ ቢይዙም የሚለወጥ የለም።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁትን መልስ ለሁሉም እኩዮቹ እደግመዋለሁ። ካርዱ አላሰረንም። ያሰሩን ሰዎች ናቸው፤ ያሰሩንም ካርዱ ስለሠራ ነው። ዋጋ ለሌለው ወረቀት ማንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በር አይሰብርም። ማንም ማንን መረጥክ ብሎ ውስጥ እግር አይገርፍም። 137 ከ138 የሚል ቁጥር ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ የጭነት መኪና ባልተሰለፈ ነበር። እኔ ያን ዱላ ስቀበል የተማርኩት የድምፄን ዋጋ ነው፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። የካምፑ ጎልማሳ ያሉትን አሁን እኔ እላለሁ፤ ቁጥር ነበረን። ቁጥሩን ቀምተውናል፤ አልነበረም ሊያሰኙን ግን አልቻሉም።

ወላጆች የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለልጆቻችሁ የሌሊቱን ብቻ አትንገሯቸው። የግንቦት 7ን ቀንም ንገሯቸው። ከዘራ ይዘው ስለቆሙት አባቶች፣ ጥላ ስለተዋዋሰው ሰልፍ፣ በእጅ ባትሪ ስለተነበበው የውጤት ቅጽ ንገሯቸው። ፍርሃትን ብቻ የወረሰ ልጅ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያየው፤ አንዱ ስደት ነው፣ ሌላው መሣሪያ። ሦስተኛውን መንገድ እኛ በዓይናችን አይተነዋል፤ እንደነበረ መመስከር የእኛ ዕዳ ነው።

ሥልጣን ላይ ላላችሁም የምለው አለኝ። ወጣቱ ለምን አይመዘገብም ብላችሁ በየስብሰባው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የተመዘገበው ወጣት ምን እንደደረሰበት ጠይቁ። ወጣትን ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚያመጣው ማስታወቂያና ኮንሰርት አይደለም። የተቆጠረው ሲከበር፣ የተሸነፈው ሲወርድ፣ የተናገረው በሰላም ቤቱ ሲያድር ካየ ራሱ ይመጣል። በ97 ማንም ሳይገፋን በሌሊት ተነሥተን የተሰለፍነው ይህ ይሆናል ብለን ስላመንን ነው። በጥይትና በካምፕ የፈረሰ እምነት በንግግር አይጠገንም፤ የሚጠገነው በፍርድና በተከበረ ውጤት ነው።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል ሲል ስጦታ አልሰጣችሁም፤ መብታችሁን ነው የጻፈው። በመንገድ ላይ የሞቱት እኩዮቻችሁ ቁጥር በመቃብር ነው የሚቆጠረው፤ የእናንተ ግን በሳጥን ሊቆጠር ይችላል። ተመዝገቡ። ካርዳችሁን አውጡና ደብቃችሁ ሳይሆን ጠብቃችሁ ያዙት። ለማን እንደምትመርጡ የናንተ ምስጢር ነው፤ ለማንም አትናገሩ። ድምፅ ከሰጣችሁ በኋላ ግን ቶሎ አትሂዱ። ቆጠራው እስኪያልቅ በሰላም ቆዩ፣ ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ አንብቡት፣ ቁጥሩን በእጃችሁ ገልብጡት። ገልብጦ የያዘ ትውልድ አላየሁም፣ አልሰማሁም ሊባል አይችልም።